ጦሩን በእውነት ያዘዘው ማን ነበር? የጎጃሞች ክርክር

መነሻ ጽሑፌ አጭር ነበር። በአፄዎቹ ዘመን ከንጉሠ ነገሥቱ በታች ጦሩን ሁሉ የሚያዝ አንድ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም ብዬ ጠየቅሁ፤ የራሴንም መልስ አብሬ አስቀመጥሁ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ስለሆኑ፣ ብዙ ሰው እንደ ዛሬ ጠቅላይ አዛዥ አድርጎ ያያቸዋል። እኔ ይህን አልቀበልም። ጭፍራ የሚከተለው ያበላውን ጌታ ነበር። ስለዚህ ከዙፋኑ በታች ሁሉን የሚያዝ አዛዥ ሊኖር አይችልም ነበር፤ በኖረ ጊዜም ዙፋኑን ይውጠው ነበር አልሁ። ለዚህ ከጎጃም የተሻለ ምስክር አላገኘሁምና የጎጃም ሰው የተዋጋባቸውን የአይሻልን፣ የእምባቦንና የሽሬን ጦርነቶች ጠቀስሁ። ከዚያ በኋላ አንባቢዎች በመልስ የጻፉትን በተራው፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛው መልስ ከደብረ ማርቆስ መጣ፤ ጸሐፊው የታሪክ መምህር ናቸው። በትሕትና ጀምረው የሰልፉን አቀማመጥ አስረዱ፦ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፣ ደጃዝማቹ ከመሐል፣ ደጀኑ ከኋላ። ዋናው ነጥባቸው ግን ከዚህ ያልፋል። ይህ አሰላለፍ በንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ብቻ አልተወሰነም፤ እያንዳንዱ ራስ የራሱ ፊታውራሪ፣ የራሱ ቀኛዝማችና ግራዝማች ነበረው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈውን ቢቆጥሩት የምኒልክ ጦር አለ፣ የእቴጌ ጣይቱ አለ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር አለ፣ የራስ መኮንን የሐረር፣ የራስ ሚካኤል የወሎ፣ የራስ መንገሻና የራስ አሉላ የትግራይ ጦር አለ። ፊታውራሪ ገበየሁ በዚያው ቀን ወደቁ፤ በኋላ ቦታቸውን የያዙት ሀብተ ጊዮርጊስ የወረሱት የምኒልክን ግንባር ነው፤ ጎጃምና ሐረር የየጌታቸው ሆነው ቀሩ። መምህሩ ያሉት የኔን ሐሳብ ከኔ በተሻለ ያስረዳል፤ ጽፌም አመሰገንኋቸው።

2ኛው የባሕር ዳር የሕግ ተማሪ ነው። አክብሮ ነው ያረመኝ፤ ግን አረመኝ። የጎንደርን ዘመን ዘልለኸዋል አለ። ራስ ቢትወደድ የሚባለው ሹመት ጦሩንም አገሩንም የሚይዝ ነበርና ራስ ሚካኤል ስሑልን እንዴት ትረሳለህ ነው ጥያቄው። ሚካኤል ለእርዳታ ከትግራይ ተጠርተው መጡ፤ በ1761 ዓ.ም. የጠራቸው አፄ ኢዮአስ ተገደሉ፤ በምትካቸው ሽማግሌውን ዮሐንስ ሁለተኛን አነገሡ፤ እሳቸውም በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱና ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ሁለተኛ ነገሠ። ሽማግሌው አልዘምትም በማለታቸው ተመርዘው ሞቱ የሚለውንም ወሬ ጨመረበት። እንግዲህ ጠቅላይ አዛዥ ነበረ አለ።

3ኛው የእኔ ነው። ይህ ምሳሌ ለእኔ እንጂ በእኔ ላይ አይመሰክርም አልሁ። ጦሩን በሙሉ የያዘ አንድ ሰው ሲገኝ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ንጉሥ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የነገሡት ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር፤ ቴዎድሮስም፣ ዮሐንስ አራተኛም፣ ምኒልክም ከባዱን ዘመቻ ራሳቸው ነው የመሩት። ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው የሞቱት ስለዚህ ነው፤ ጦሩን ለሌላ ሰጥቶ ከተማ መቀመጥ ዘውዱን አብሮ መስጠት ነበር።

በ4ኛው የቡሬ ሰው ሮምን ይዞ ገባ። ማጊስተር ሚሊቱም የሚሉት የጦር አለቃ እዚያም እንዲሁ ሆኗል አለና ስቲሊኮንና ሪሲመርን ጠቀሰ። ስቲሊኮ እ.ኤ.አ. በ408 በገዛ ንጉሡ ትእዛዝ ተገደለ፤ ሪሲመር ግን እስኪሞት ድረስ ንጉሠ ነገሥት እየሾመና እየሻረ ኖረ። ሪሲመር ማለት ስሑል ሚካኤል ነው ብሎ ደመደመ። ለኔ ጠቃሚ መስሎ ታየኝ፤ 5ኛው ግን ተቆጣ። የአገራችን ታሪክ በሮም መስፈሪያ ካልተሰፈረ አይሞላም ወይ አለ፤ ቃሉም ሻካራ ነበር። የቡሬው ሰው መልስ ሳይሰጥ ቀረ፤ በዚህ አዝኛለሁ፤ የተናገረው ቁም ነገር ነበርና።

6ኛው ከእንጅባራ የመጣ ነው፤ ብዙዎች አለፉት እንጂ እኔ ደጋግሜ አነበብሁት። ዛሬ ፋግታ ለኮማ በምንለው አገር ፋግታ ላይ በ1762 ዓ.ም. ሚካኤል ስሑል ከዳሞቱ ፋሲል ጋር የገጠሙበትን ጦርነት አነሣ። የጎንደር መኳንንት ማን ማንን እንዳሸነፈ ይጽፋሉ፤ ሁለቱም ጦር የበላው ግን የአገው ገበሬን እህል ነው፤ ያንን የጻፈ የለም አለ። አዛዡ ማን ነበር ብላችሁ ስትከራከሩ ከማን ጎተራ ያዝዝ ነበር የሚለውን አክሉበት ብሎ ለመነ። ክርክሩ በኋላ የያዘውን መንገድ ያስያዘው ይህ ሰው ነው።

7ኛው የቢቸና ሰው ስለ አይሻል ጻፈ። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ የጎጃም ጌታ ሳሉ በእንደራሴው በራስ አሊ ተልከው ካሳ ኃይሉን ሊወጉ ሄዱ፤ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ወደቁ። በዚያው ዓመት በሰኔ ራስ አሊ ራሳቸው አይሻል ላይ ተሸነፉ፤ ካሳም ቆይቶ ቴዎድሮስ ተባለ። እንደራሴው በስም የነጋሲው ጦር ሁሉ አለቃ ነበሩ፤ ጎሹ ሲወድቁ ግን የጎጃም ጭፍራ ለአሊ ብሎ የሚሞትበት ምክንያት አልነበረውም አለ ጸሐፊው። ዘመነ መሳፍንት የተዘጋው በጎጃም መሬት ላይ መሆኑን ልጆቻችን አያውቁም ብሎ አዘነ። እውነት ነው። አይሻልን ጠቅሰህ ስንቱ የት እንደሆነ ይነግርሃል?

ከ8 እስከ 11 ያሉት በእምባቦ ጠብ አለቁ። 8ኛው ወለጋ ያደገ ጎጃሜ ነው፤ በ1874 ዓ.ም. ሸዋና ጎጃም በተዋጉበት በእምባቦ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩትን ምኒልክን ያዳናቸው ራስ ጎበና ዳጬ ነው፣ የጎበና ፈረሰኛ ባይደርስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው አይማረኩም ነበር አለ። ስለዚህ የሸዋ ጠቅላይ አዛዥ ጎበና ነበር የሚል መደምደሚያ ሰጠ። 9ኛው ስለ ጎጃም ራስ ደረሶ አነሣ፤ ከዓባይ ማዶ የጎጃምን ግብር የሚሰበስቡትና ጦሩን የሚመሩት እሳቸው እንደነበሩ፣ ጠቡም የተጀመረው ጎበና መንገዳቸውን ሲዘጋባቸው መሆኑን አስረዳ። እስከዚህ ጨዋ ነበር። 10ኛው ግን ጎጃም የተሸነፈው ከውስጥ ስለከዱት ነው ብሎ የቤተሰብ ስም እየጠራ ወረደ፤ 11ኛውም በዚያው ልክ መለሰለት። የተጻፈውን አልደግመውም፤ ለሁለቱም አባቶች የማይገባ ነበር። ለ8ኛው ግን መልስ አለኝ፦ ጎበና ታላቅ የጦር ሰው ናቸው፤ ቢሆንም እምባቦ ላይ ምኒልክ ራሳቸው በቦታው ነበሩ፤ ተክለ ሃይማኖትም ዓባይን ተሻግረው በገዛ እጃቸው ተዋግተዋል። ሁለት ንጉሥ ራሳቸው የተገኙበት ጦርነት ስለ ጠቅላይ አዛዥነት የሚያስተምረን፣ ንጉሥ ያን ሥራ ለማንም እንደማይሰጥ ነው።

12ኛው የሞጣ እናት ናቸው፤ እሳቸው ሲጽፉ ሁሉም ጸጥ አለ። ስለ አዛዥ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ያን ሁሉ ሰው በየቀኑ ያበላው ማን ይመስላችኋል አሉ። ወንዱ ጋሻና ጠመንጃ ይዞ ይሄዳል፤ ከኋላው ሚስቱ፣ እኅቱ ወይም ገረዱ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ሽሮና በርበሬውን፣ ቋንጣውን በአህያና በጀርባዋ ተሸክማ ትከተላለች። ሰፈር ሲሰፈር እሱ ያርፋል፤ እሷ እንጨት ትለቅማለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እህል ትፈጫለች። የቤቱ ስንቅ ሲያልቅ የሚበላው ከባላገሩ ነው። በጎጃም የጦር ማለፍ እንደ አንበጣ ይፈራ የነበረው በዚህ ነው አሉ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ጎንደርን አቃጠሉ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ አፄ ዮሐንስ፣ ንጉሡ ከምኒልክ ጋር መከሩ ብለው ጎጃም ገቡና አገሩን አጠፉት። ልጆች የተራቡት በጠላት ጦር ብቻ አልነበረም፤ የንጉሠ ነገሥቱም ጦር በላቸው። ቀጥሎም የክፉ ቀን ረሃብ መጣ። እኒህ እናት የጻፉት ከአያቶቻቸው የሰሙትን ነው፤ የአያቶቻቸውም ቃል በታሪክ ከተጻፈው ጋር ይገጥማል።

ስለ እቴጌ ጣይቱም አነሡ። በመቀሌው የጣልያን ምሽግ ላይ የምንጩን ውኃ ማስያዝ የእሳቸው ምክር እንደነበረ አስታውሰው፣ ስንቅና ውኃ የሚያውቅ ሰው ነው ጦር የሚያውቅ አሉ። ከመልሶቹ ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

13ኛው የመጀመሪያው መምህር ናቸው፤ ለእኚህ እናት ክብር ሰጥተው ቀጠሉ። ቴዎድሮስ ይህን ችግር አይተው ነበር፤ ጦሩን በየሺ አለቃ፣ በመቶ አለቃ፣ በሃምሳ አለቃና በአሥር አለቃ ከፋፍለው፣ ወታደሩ ከባላገሩ ቀምቶ ከሚበላ ከጎተራ ተሰፍሮለት እንዲያድር ሞከሩ። አልዘለቀላቸውም፤ ግብር የሚገባው አገር ሲከዳቸው ጎተራውም ባዶ ሆነ። ምኒልክ ከክፉ ቀን በኋላ አሥራት አወጡ፤ ወታደሩ በገበሬው ቤት ተመርቶ ከሚበላ እህሉ በአሥራት ተሰብስቦ ቀለቡ እንዲሆን። ቢሆንም ዐድዋ ላይ ጦሩ ስንቁ ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር፤ ጣልያኖቹ ጥቂት ቢታገሡ ኖሮ ምኒልክ ሰፈራቸውን ለመልቀቅ ይገደዱ ነበር ይላሉ መምህሩ። ባላገሩን ያስጨነቀው ሆድ ድሉን ሊያበላሽ ምንም ያህል አልቀረውም።

14ኛውና 15ኛው ከመንገድ ወጡ። አንዱ የአዴት ሰው በሶ እንዴት ሲዘጋጅ ለወራት እንደማይበላሽ፣ ገብሱ ስንት ጊዜ መቆላት እንዳለበት በዝርዝር ጻፈ፤ ሌላዋ ከደጀን የዳቦ ቆሎን ነገር ጨመረች። 16ኛው ወደ ጉዳዩ ተመለሱ ብሎ ጮኸ። እኔ ግን በበሶው አልተናደድሁም፤ የዘመቻን ሥራ ለማወቅ ስንት ቀን የሚቆይ ስንቅ እንደነበረ ማወቅ ግድ ነው።

17ኛው እውነተኛ ተቃውሞ ነበር። ጸሐፊው አዲስ አበባ የሚኖር የደብረ ወርቅ ሰው ነው፤ ስለ ሀብተ ጊዮርጊስ ጠንክሮ ተሟገተ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ መሐል ሰፋሪውን፣ ማለትም የቤተ መንግሥቱን ጦር፣ ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ መጥተው ጥቅምት 9 ቶራ መስክ ላይ የሸዋን ጦር መቱ፤ ራስ ልዑልሰገድ ወደቁ። ሚካኤል ያኔውኑ ወደ አዲስ አበባ ቢገሠግሡ ማን ያቆማቸው ነበር? ሀብተ ጊዮርጊስ በመልእክት እያዘገዩ፣ ጦር እያሰባሰቡ ቆዩና ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ሚካኤልን ማረኩ። ንግሥት ዘውዲቱ በቦታው ቆመው አላዘዙም፤ አልጋ ወራሹ ተፈሪም ወጣት ናቸው። ይህ ጠቅላይ አዛዥነት ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው አለኝ።

ከባድ ጥያቄ ነው፤ ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈለ። 18ኛው ደግፎት የፊታውራሪውን ዳኝነትና አስተዋይነት አነሣ። 19ኛው ግን ፊታውራሪው በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የሆነውን ነገረን፦ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ወዲያው የሟቹን ሰፊ ርስትና ብዙ ሺህ ወታደር በእጃቸው አደረጉ። ወታደሩ የሚኒስቴሩ ቢሆን ኖሮ ሚኒስትሩ ሲሞት ሚኒስቴሩ ጋ ይቀር ነበር። የቀረው ግን ከመሬቱ ጋር ነው፤ መሬቱን የወሰደ ወታደሩን ወሰደ። በእኔ አስተያየት ጉዳዩን የሚቆርጠው ይህ ነው። ሰገሌ ላይ ሀብተ ጊዮርጊስ ያዘዙት ከሁሉ የሚበልጥ ሠራዊት ስለነበራቸውና ቀሪዎቹ መኳንንት ስላመኗቸው ነው። የደብረ ወርቁ ሰው ግን አልተቀበለኝም፤ ባለ ሥልጣን የሚባለው ሥልጣኑን የሠራበት ነው ብሎ በአቋሙ ጸና።

20ኛው ወደ ሽሬ ወሰደን። ጸሐፊው የፍኖተ ሰላም ሰው ሲሆኑ አያታቸው ከራስ እምሩ ጋር ዘምተዋል። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተሽረው ራስ እምሩ ጎጃምን ያዙ፤ በ1928ቱ ጦርነትም የጎጃምን ጦር ይዘው ተከዜን ተሻገሩ። በታኅሣሥ ደምበጉና ላይ የጣልያንን ታንኮች በጎራዴና በድንጋይ ጭምር ያጠፉት የእኛ ሰዎች ናቸው አሉ በኩራት። ከዚያ በኋላ ከአውሮፕላን የወረደው መርዝ መጣ። አያታቸው ስለ መርዙ ሲናገሩ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑ ነበር ይላሉ።

21ኛው ያን ኩራት አልነካም፤ ግን መራራውን ጎን ጨመረ። ደጃዝማች ገሠሠ በለው በመንገድ ላይ ከእምሩ ተለይተው ወደ ጎጃም ተመለሱና ዐመፁ፤ ደብረ ማርቆስንም ከበቡ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ናቸው፤ ከላይ የተሾመን የሌላ አገር ራስ መከተል አልፈለጉም። 22ኛው ይህን ሲያነብ ከሃዲ የሚለውን ቃል ወርውሮ ሄደ። እኔ ስድቡን አልፈቅድም፤ ነገሩን ግን አልሸፋፍንም። የጎጃም ሰው ከነቅሬታው ሽሬ ላይ ተዋግቷል፤ አለቃው ግን የበላበትና ያደገበት ጌታ አልነበረም። በመንገድ ላይ ከጦሩ የተቀነሰው ሰው ሽሬ ላይ ጎድሏል።

23ኛው መምህሩ ናቸው ለሦስተኛ ጊዜ። በዚያ ጦርነት በሰሜን ግንባር አንድ የበላይ አዛዥ ተሹሞ እንደነበር ብዙው ሰው አያውቅም አሉ፤ ራስ ካሣ ኃይሉ ከራስ ሥዩም፣ ከራስ እምሩና ከራስ ሙሉጌታ በላይ ሆነው ተሾሙ። ሙሉጌታ የጦር ሚኒስትር ሆነው ከሌላ ራስ በታች መዋላቸው አልጣማቸውም። ጣልያኖች ከእኛ በኩል በሬድዮ የተላለፈውን ይሰሙ ነበር፤ የእኛዎቹ አራት ጦሮች እርስ በርሳቸው ለመሰማማት መልእክተኛ ቀናት ይፈጅባቸው ነበር። በየካቲት መጀመሪያ ሙሉጌታ አምባ አራዶም ላይ፣ በወሩ መጨረሻ ካሣና ሥዩም ተምቤን ላይ፣ ወዲያው እምሩ ሽሬ ላይ በተራ በተራ ተመቱ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 22 ማይጨው ላይ የገጠሙት በቀረው ጦር ነው። የበላይ አዛዥ ሲሾም ገና ያኔ ሆነ፤ የሚያዝበት መንገድ፣ በቂ ሬድዮና ጎተራ ግን አልነበረም።

24ኛው የአርበኞችን ዘመን አነሣ። ምሥራቁን በላይ ዘለቀ፣ ሌላውን ነጋሽ በዛብህና መንገሻ ጀምበሬ ይዘው ሳለ ጎጃም አንድ አዛዥ አልነበረውም አለ። ነጋሽና መንገሻ ተጣልተው ነበር፤ በ1932 ዓ.ም. ነሐሴ የገባው የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነው ያስማማቸው። ይህ ድክመት ነው ብሎ ተቆጨ። አልስማማም። ጣልያን አንዱን ቢይዝ ሌላው ይቀራል፤ ገበሬውም ለዘመዱና ለአካባቢው መሪ እህሉን የሰጠው ማንነቱን ስለሚያውቅ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ የጠበቃቸው ይህ ጎጃም ነው።

25ኛው የሞጣዋ እናት ናቸው። በአርበኞችም ጊዜ ስንቁን በሌሊት ጫካ ያደረሱት ሴቶች ስለሆኑ፣ በየቀበሌው ያሉ አሮጊቶች ሳያልፉ ምን ምን ይዘው፣ በየትኛው ጉድባ በኩል እንዳለፉ ይጻፍ አሉ። የፍኖተ ሰላሙ ሰው የእናታቸውን ታላቅ እኅት ቃል ለመቅዳት ተስማሙ፤ እኔም ከአዋበል ወዲህ ያለውን እጀምራለሁ ብያለሁ። የደብረ ወርቁ ሰው በ26ኛው ስለ ሀብተ ጊዮርጊስ ሌላ መነሻ ጽሑፍ ከፍቷል፤ ክርክራችን እዚያ ይቀጥላል።